ሰርጀሪ አታችመንት ለሚገቡ የሲ ዋን ተማሪዎች፦ በጎጃም ሆስፒታሎች ከመጀመሪያው ሰኞ እስከ ሎንግ ኬዝ

ሲ ዋን (የሕክምና ትምህርት የመጀመሪያው ክሊኒካል ዓመት) ደርሶ ለአታችመንት፣ ማለትም ለሆስፒታል ልምምድ፣ ሰርጀሪ (ቀዶ ሕክምና) የሚገባ ተማሪ ዓይኑ ኦአር (ቀዶ ጥገና ክፍል) ላይ ነው። ኦአር ውስጥ ግን ሦስት ሰዓት ቆማችሁ በአብዛኛው የምታዩት የሬዚደንቱን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረውን ሐኪም) ትከሻ ነው። የምትፈተኑት ደግሞ ዋርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ውስጥ ስለተኛው ሰው ነው፤ ከየት መጣ፣ ስንት ቀን ቆይቶ መጣ፣ ሆዱን ስትነኩት ምን አገኛችሁ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ወደ አልጋው ያደላል። ባሕር ዳር ጥበበ ግዮን ወይም ፈለገ ሕይወት፣ አለዚያም ደብረ ማርቆስ የምትገቡትን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት። የአታችመንቱ ርዝመትና የነጥብ አሰጣጡ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ እሱን ከፕሮግራማችሁ እዩ።

1. ከመግባታችሁ በፊት

የሄፓታይተስ ቢ ክትባታችሁን ጨርሱ። 3 ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 1 ወር፣ ሦስተኛው 6 ወር ቆይቶ። አታችመንቱ ሊገባ ሲል የሚታሰብ ነገር አይደለም ማለት ነው። እስካሁን ያልጀመረ ካለ ግን ዛሬውኑ ይጀምር።

ኪሳችሁ ውስጥ ስቴቶስኮፕ፣ የኪስ ባትሪ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ትንሽ ደብተርና ሁለት ሦስት ጥንድ ጓንት ይኑር። ጓንት ዋርድ ላይ የሚያልቅበት ቀን አለ። በዚያ ቀን በባዶ እጁ ቁስል የሚነካ «ጎበዝ» እንዳትሆኑ።

ቋጠሮ ተለማመዱ። የጫማ ክር የዶርም አልጋ ብረት ላይ አስሩና በሁለት እጅ የሚቋጠረውን ሳታዩት እስክትሠሩት ድረስ ደጋግሙት፤ የአንድ እጁ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለስፌት የበዓል ማግስት የበግ ቆዳ ቁራጭ የሚያክል መለማመጃ የለም። የክፍል ጓደኞቻችሁ በጠረኑ ይጮኻሉ፤ ደጅ ሆናችሁ ስፉ።

ከንባቡ ለመጀመሪያው ሳምንት የአንጀት መዘጋት፣ ትርፍ አንጀት፣ እንቅርት፣ ቡአ፣ ሾክ (የደም ዝውውር መውደቅ) እና የፈሳሽ አሰጣጥ፣ የትራውማ (የአደጋ ጉዳት) ቅደም ተከተል ይበቃል። ቀሪው ታካሚውን ካያችሁ በኋላ ሲነበብ ነው የሚያዘው።

2. የመጀመሪያው ሰኞ

ዋርድ ስትገቡ መጀመሪያ ራሳችሁን የምታስተዋውቁት ለዋርዱ ኃላፊ ነርስ ነው። ቻርቱ (የታካሚው መዝገብ) የት እንደሚቀመጥ፣ የቁስል ማጠቢያው ዕቃ መቼ ከስቴሪላይዜሽን እንደሚመለስ፣ የትኛው ሬዚደንት ተማሪ ማስተማር እንደሚወድ የምታውቀው እሷ ናት። ቻርት አንስቶ ያልመለሰ ተማሪ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቀን ስሙ አይረሳም።

ታካሚ ስትከፋፈሉ ሦስት ዓይነት ያዙ፦ በድንገተኛ ተሠርቶ የተኛ አንድ፣ ለእንቅርት ወይም ለቡአ የኦአር ተራ የሚጠብቅ አንድ፣ ቁስሉ የቆየ ወይም የተቃጠለ አንድ። እስኪወጡ ድረስ የእናንተ ናቸው። ወጥተው ሲሄዱ ሌላ ትይዛላችሁ።

አስታማሚውን በስም እወቁት። አስታማሚ በእኛ ሆስፒታሎች የዋርዱ ግማሽ ሠራተኛ ነው። ሽንቱን የሚደፋው፣ መድኃኒት ገዝቶ የሚመጣው፣ ሌሊት ማስመለሱን ያየው እሱ ነው። ጠዋት የኢንፑት አውትፑቱ (የገባና የወጣ ፈሳሽ) ወረቀት ባዶ ሆኖ ስታገኙት ከእሱ ሌላ የምትጠይቁት የለም። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ለሌለው ታካሚ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ በማርከር መስመር አስምሩለትና «ከመድፋትህ በፊት የት ድረስ እንደሞላ እይልኝ» በሉት፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ በጣቱ እየቆጠረ በትክክል ይይዝላችኋል። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሽናት አለበት፤ በ12 ሰዓት 360 ነው። ከዚያ ካነሰ ራውንድ (የሐኪሞች የአልጋ ጉብኝት) እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ለኢንተርኑ (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) ወይም ለሬዚደንቱ ወዲያው ንገሩ።

3. ታሪክ መቀበል

ጎጃም ሰርጀሪ ገብቶ ሲግሞይድ ቮልቩለስ ሳያይ የሚወጣ ተማሪ የለም። ትልቁ አንጀት በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ሲዘጋ ነው። በብዛት የምታገኙት ገጠር የሚኖሩ ጎልማሳና ሽማግሌ ወንዶች ላይ ነው። ቀጭኑ አንጀት የሚጠመዘዝበትም ጊዜ በዚህ አገር ብዙ ስለሆነ ሁሉን የተነፋ ሆድ ሲግሞይድ ነው አትበሉ። አንዱን ታሪክ እንዴት እንደምትወስዱ በዚህ ላሳያችሁ፤ ሌላውን በዚሁ ልክ ታስኬዱታላችሁ።

ከቢቸና ገጠር በቃሬዛ፣ ከዚያ በመኪና የደረሱ አንድ ገበሬ አሉ እንበል። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ቻርታችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ሰላም በሏቸው፣ ከየት እንደመጡ ጠይቁ፣ ተቀመጡ። ቆሞ የሚጠይቅ ሐኪም ሊሄድ የቸኮለ ስለሚመስል መልሱም አጭር ይሆናል። ከዚያ፦

«አባቴ፣ ሆድዎ መንፋት ከጀመረ ስንት ቀን ሆነው?»
«ሕመሙ መጣ ሄድ ይላል ወይስ አንዴ ይዞ አልለቅ ብሏል?»
«ለመጨረሻ ጊዜ ሜዳ የወጡት መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ፈስ ወጥቶልዎታል?»
«አስመለሰዎት? ሕመሙ ከመጣ በስንት ጊዜ? ምን ዓይነት ነበር?»
«ከዚህ በፊት እንዲህ ነፍቶዎት በራሱ የለቀቀበት ጊዜ አለ?»

አምስተኛውን አትርሱ። ብዙዎቹ «አዎ፣ አምናም ነፍቶኝ ነበር፤ ሲተነፍስ ተወኝ» ይሏችኋል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከግማሽ ምርመራ ትበልጣለች። ሁለተኛውም እንደዚያው ነው። መጣ ሄድ ይል የነበረ ቁርጠት አልለቅ ካለ አንጀቱ ደም አጥሮት ሊሆን ይችላል።

ጎጃም ላይ ታሪክ የሚያበላሹ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ታካሚው «ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ሲል ቻርቱ ላይ 3፡00 ነው የሚጻፈው። በቀጥታ 9፡00 ብሎ የጻፈ ተማሪ ሕመሙን በስድስት ሰዓት ያሳጥረዋል፤ ለተጠመዘዘ አንጀት ስድስት ሰዓት ትልቅ ነገር ነው። ቀኑንም በበዓል ያዙላቸው፤ «ከሚካኤል በፊት ነው በኋላ?» ስትሉ በትክክል ያስታውሳሉ። ዕድሜም እንዲሁ በታሪክ ተሰልቶ ይገኛል፤ «በደርግ ጊዜ ሚስት አግብተው ነበር?» ማለት «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ከማለት ይሻላል።

ሁለተኛው ከሆስፒታል በፊት የሄዱበት ቦታ ነው። ፀበል ሰንብተው፣ ወጌሻ ጋ ታሽተው፣ ጤና ጣቢያ መርፌ ተወግተው ይሆናል። ይህን በቁጣ የጠየቀ ተማሪ መልስ አያገኝም። «እዚህ ከመምጣትዎ በፊት ምን ምን ሞከራችሁ?» ብላችሁ ፊታችሁን ሳትለውጡ ስሙ። እጅና እግር ተሰብሮ በቀርከሃ ተጠፍሮ የመጣ ልጅ ላይ ደግሞ ማሰሪያው የታሰረበት ሰዓት ከስብራቱ ሰዓት ይበልጥ አስፈላጊ ነው። ጣቶቹን ቀስ አድርጋችሁ ስትዘረጓቸው የሚጮኽ ከሆነ የደም ሥር ትርታው ይምታ አይምታ ሳትሉ ሬዚደንት ጥሩ፤ ትርታው እስኪጠፋ ከተጠበቀ እግሩ አልፏል።

ሦስተኛው ከአዊ በኩል ለሚመጡት ነው። ከእንጅባራ፣ ከዳንግላና ከቻግኒ ዙሪያ ከሚመጡ እናቶች አማርኛው የማይመቻቸው አሉ። ራሳቸውን ነቅንቀው «እሺ» ስላሉ የተግባባችሁ አይምሰላችሁ። አገውኛ የሚችል የክፍል ጓደኛ ወይም ነርስ ፈልጉ። ልጃቸው ቢያስተረጉም ስለ ወር አበባና ስለ ማህፀን ሲደርስ እናትም ልጅም ያፍራሉ፤ ያንን ክፍል ለሲስተር ተዉት።

4. ታካሚውን መመርመር

መጋረጃ ከሌለ አስታማሚው ጋቢውን ይዘርጋላችሁ። እጃችሁን አሙቁ። ሆድ ስትነኩ ከማያመው ጎን ጀምሩ፤ ዓይናችሁ እጃችሁ ላይ ሳይሆን ፊታቸው ላይ ይሁን። የጎጃም ገበሬ «አመመኝ» ብሎ አይጮኽም፤ ጥርሱን ነክሶ «ደኅና ነው» ይላችኋል። ቅንድቡ ስትሰበሰብ ያያችኋት እሷ ናት ምልክቷ።

የብሽሽቱን ሁለት ጎን ሳታዩ የሆድ ምርመራ አለቀ አትበሉ። የተነፋ ሆድ ምክንያቱ የታነቀ ቡአ ሆኖ ሱሪ ሥር ተደብቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ቡአን ስትመረምሩ አስቁማችሁ አስስሏቸው። የፊንጢጣ ምርመራ ምን እንደምታደርጉና ለምን እንደሆነ ነግራችሁ፣ አስፈቅዳችሁ፣ ኢንተርን ወይም ሬዚደንት ባለበት ብቻ። በሲግሞይድ ቮልቩለስ ቋቱ ባዶ ነው። ጓንቱ ላይ ደም ካያችሁ አንጀቱ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል በአፋጣኝ የሚነገር ነው። ሴት ታካሚን፣ በተለይ ጡት ስትመረምሩ፣ ወንድ ተማሪ ያለ ሲስተር አይግባ።

ሆዱ ለተነፋው ታካሚ ቀጥሎ የሚደረገውን ተከታተሉ። ፈሳሽ ይገባል፣ በአፍንጫ ቱቦ ይገባል፣ ካቴተር ይገባል፣ ደም ይወሰዳል፣ የሆድ ኤክስሬይ ይነሳል፤ የታጠፈው አንጀት ፊልሙ ላይ የቡና ፍሬ መስሎ ይታያል። የአንጀት መሞት ምልክት ከሌለ በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ይተነፍሳል። ሲተነፍስ ከዳር ቁሙ፤ የምመክረው ከልቤ ነው። ሆዱ ረገበ ተብሎ ግን ሰውየው አይሸኝም። ስለሚመላለስ አንጀቱን ቆርጦ የማውጣት ቀጠሮ ይያዝለታል። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሆድ መጠንከር ካለ መንገዱ በቀጥታ ወደ ኦአር ነው።

እንቅርት የያዛቸውን እናት ስትመረምሩ አንድ ብርጭቆ ውኃ አስቀድማችሁ አስቀምጡ። ከኋላ ሆናችሁ ስትዳስሱ ይዋጡት፤ እብጠቱ አብሮ መውጣት መውረዱን ታያላችሁ። ድምፅ መጎርነን፣ ተኝቶ መታፈን፣ በቅርቡ በፍጥነት ማደግ፣ ሙቀት አለመቻል፣ የልብ መምታት፤ እነዚህን ሳትጠይቁ አትነሱ። ሁለቱን እጅ ከጆሮ በላይ አንድ ደቂቃ አስነስታችሁ ፊታቸው ከቀላ ወይም ከታፈኑ እብጠቱ ወደ ደረት ወርዷል።

5. ጠዋት

ሞርኒንግ ሴሽን (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ታካሚዎቻችሁ ጋ ድረሱ። ተኝተው ከሆነ ቻርቱን አንብቡ፤ ከዚያ ቀስቅሱ። አራት ነገር ይዛችሁ ውጡ፦ ሌሊት ምን ሆነ፣ የትኩሳትና የልብ ምት ቁጥር፣ ምን ያህል ገባ ምን ያህል ወጣ፣ ቁስሉና ድሬኑ (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ) ምን ይመስላል።

ራውንድ ላይ አቅርቡ ስትባሉ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ይሁን። ስም፣ ዕድሜ፣ ለምን ተሠሩ፣ ከተሠሩ ስንተኛ ቀናቸው፣ ሌሊቱ፣ ቁጥሮቹ፣ ምርመራው፣ የዛሬ ዕቅድ። ዕቅዱ ቢሳሳት አታፍሩ፤ ዕቅድ የሌለው አቀራረብ ይባስ ያስቆጣል። ቁጥሩን ካላያችሁት «አላየሁትም» በሉ። ፈጥሮ የተናገረ ተማሪ ሲኒየሩ ራሱ ሲለካ ይጋለጣል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያምነው የለም።

ትኩሳት ሲመጣ ቀኑን ቁጠሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሳንባውን አድምጡ፣ አስነስታችሁ አስስሏቸው። ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ቀን ሽንቱንና ክንዱ ላይ ፈሳሽ የሚገባበትን መስመር እዩ። ከአምስተኛ ቀን ወዲያ የቁስሉን ፋሻ ክፈቱና እዩ፤ አንጀት ተቆርጦ የተቀጠለለት ከሆነ ቅጥያው ማፍሰሱን ጠርጥሩ። ከጃዊ ወይም ከዓባይ በረሃ የመጣ ከሆነ በስንተኛውም ቀን ቢሆን የወባ ምርመራ አስታውሱ፤ ይህን መጽሐፉ አይነግራችሁም።

6. ኦአር

ቀድማችሁ የዕለቱን ዝርዝር አንብቡ፤ ታካሚውን ትናንት ማታ ያላየ ተማሪ ዛሬ ቢገባም ምንም አይገባውም። ቁርስ ብሉ። ጾም የምትጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀመስ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ መቆም ምን እንደሚያደርግ አስቡበት፤ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ እንጂ ጠረጴዛው ላይ አትውደቁ። ዓይናችሁ ጭልም ሲል «ልቀመጥ ነው» ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱና ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁጭ በሉ። ማንም አይስቅባችሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው የቀዶ ጥገና ደኅንነት ቼክሊስት ሦስት ጊዜ ይነበባል፦ ማደንዘዣ ሳይሰጥ፣ ቆዳ ሳይቀደድ፣ ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ። በዚያ ሰዓት አታውሩ። ስማቸውንና የሚሠራውን ጎን የምታውቁት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ማተብ በመቀስ አትቁረጡ። የእንቅርት ኦፕሬሽን ከሆነ መነሳቱ አይቀርም፤ ዋርድ እያሉ ታካሚዋን አስረዷትና ራሷ ወይም አስታማሚዋ ይፍታው። እጅ ላይ በፕላስተር ተጠምጥሞ መግባት የሚፈቀድበት ቦታ አለና ነርሷን ጠይቁ። ኦአር በር ላይ ደርሶ በችኮላ የተቆረጠ ማተብ ያንን ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ ያስቀይማል።

ስክራብ እንድታደርጉ ከተጋበዛችሁ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ ጥፍር አጽዱ፣ ከጣት ወደ ክርን እጠቡ፣ ውኃው በክርን በኩል ይውረድ። ለብሳችሁ ስትጨርሱ እጃችሁ ከትከሻ በታች ከወገብ በላይ ይሁን። ጀርባችሁ ንጹሕ አይደለም። የነርሷ ጠረጴዛ ላይ እጃችሁን አታሳርፉ፣ መሣሪያም ራሳችሁ አታንሡ። ሳታስቡት ንጹሕ ያልሆነ ነገር ከነካችሁ ወዲያው ተናገሩ፤ ጓንት መቀየር የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ሪትራክተር (ቁስሉን ገልጦ የሚይዝ መሣሪያ) ያዙ ስትባሉ በተሰጣችሁ አቅጣጫ ያዙ፣ ቦታ ከለወጠ ጠይቁ። ጥያቄ ደም በሚፈስበት ሰዓት አይጠየቅም፤ ሆድ ሲዘጋ ሁሉም ዘና ስለሚል ያኔ ጠይቁ።

የእንቅርት ታካሚ ወደ ዋርድ ስትመለስ አብራችሁ ሂዱ። አልጋው አጠገብ መቀስና የስፌት መፍቻ መኖሩን አረጋግጡ። አንገቷ ካበጠና መተንፈስ ካቃታት ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ነው፤ ጩኹ፣ ሐኪም ጥሩ፤ ስፌቱ እዚያው አልጋው ላይ ይከፈታል። በማግስቱ ከንፈሯ ዙሪያና ጣቶቿ ጫፍ «ይነዝረኛል» ካለች ካልሲየሟ ወርዷል።

7. ዲዩቲ

በዲዩቲ (በተረኝነት) ሌሊት የሚመጣው ጥይት፣ ዱላ፣ የመኪና አደጋ፣ ከዛፍ የወደቀ፣ በሬ የወጋው ነው። መንገድ በሚዘጋባቸው ሰሞን ደግሞ የሰነበተ ቁስል ይበዛል። ከዳር ቆማችሁ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፦ የመተንፈሻ መንገድ ከአንገት ጥበቃ ጋር፣ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር፣ ንቃት፣ መላ አካሉን ገልጦ ማየትና ከብርድ መጠበቅ። ቁስሉ ዘግናኝ የሆነው ሁሌም አስቸኳዩ አይደለም። የእናንተ ሥራ የደም ግፊት መለካት፣ ናሙና ላቦራቶሪ ማድረስ፣ የተሰጠውን ፈሳሽ መመዝገብ ነው። የተነገረውን ሰዓት አብራችሁ ጻፉ።

መርፌ ከወጋችሁ በሳሙናና በውኃ እጠቡ፣ አትጭመቁ፣ ለሬዚደንቱ ተናገሩ፣ ሌሊትም ቢሆን መድኃኒት ጠይቁ። የኤችአይቪ መከላከያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲጀመር ነው የሚመረጠው፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም፣ የሚወሰደው ለ28 ቀናት ነው። አፍሮ ዝም ያለ ተማሪ ራሱን ነው የሚጎዳው።

8. ሎንግ ኬዝ

ሎንግ ኬዝ አንድ ታካሚ ጠይቃችሁና መርምራችሁ የምታቀርቡበት ፈተና ነው። የሚሰጣችሁን ታካሚ አትመርጡም፤ ብዙ ጊዜ ግን እንቅርት፣ ቡአ፣ የጡት እብጠት፣ የሽንት መዘጋት፣ የተነፋ ሆድ ነው። ሰዓታችሁን ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ ግማሹ ለታሪክ፣ ከቀሪው ትልቁ ለምርመራ፣ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ያገኛችሁትን በቅደም ተከተል ለማሰብ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ሦስተኛውን ሲበላው ነው። ታካሚው በፈተና ሰልችቶ ከሆነ «እማማ፣ ስንተኛዬ ነኝ ዛሬ?» ብላችሁ አስቋቸው፤ ሌላው ተማሪ ያልጠየቀውን ይነግሯችኋል። ፈታኙ ምርመራችሁን አሳዩኝ ካለ ከታካሚው ፈቃድ ጀምሩ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ በቀኝ በኩል ቁሙ።

ሎግ ቡካችሁን (ያያችሁትና የሠራችሁት የሚመዘገብበትን ደብተር) በየሳምንቱ አስፈርሙ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሬዚደንቱ ወደ ሌላ ዩኒት ሊቀየር፣ ሲኒየሩም ፈቃድ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ባዶ ገጽ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መዞር ነው። ያስፈረማችሁትን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሡት።